ሞሚና ከኋላ ወንበር

ሞሚና ሮቤ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ጋቢና ሹራብ ትሸጣለች። የጊኒር ልጅ ናት። ሮቤ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ሻፊ የአይሱዙ ሹፌር በመሆኑ ስንዴ በሚታጨድበት ወራት ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ሞሚናን የሚያውቃት በሱቋም በባሏም አይደለም፤ ከልጇ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስትሄድ ነው።

ልጇ ኢፍቱ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ታማ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ከዚያ ወዲህ ሞሚና እጇን ለቃት አታውቅም። ትምህርት ቤት ይዛት ትሄዳለች፣ ሲያበቃ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ይዛት ትመለሳለች። ልጅቷ አድጋ፣ በቁመት እናቷን በልጣ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ እንኳ አስፋልት ሲሻገሩ የሞሚና ጣቶች አንጓዋን ጭምቅ አድርገው ይይዙታል። ኢፍቱ አንዳንዴ እናቷን "አዮ፣ ያመኛል እኮ" ትላታለች። ሞሚና ላላ ታደርግና መኪና በመጣ ቁጥር መልሳ ታጠብቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ኢፍቱ ጎባ ውስጥ ማየት ለተሳናቸው የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥልጠና ስታገኝ ነው። ከሮቤ ጎባ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ከቤት እስከ ዋናው መንገድ በጋሪ ወይም በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በሚኒባስ፣ ጎባ ሲደረስ ደግሞ እንደገና በባጃጅ ነው። ሞሚና ሥልጠናው ባለበት ቀን ሱቋን ዘግታ አብራት ትሄዳለች፤ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠብቃ ይዛት ትመለሳለች። ደንበኞቿ ሌላ ሱቅ መልመድ ጀምረው ነበር። ኢፍቱ ይህን ታውቃለች። ያሳፍራትም ነበር።

በዚያው ሰሞን ወሰንየለሽ የምትባል መሐንዲስ ሥልጠና ቦታው ድረስ መጣች። ከጎጃም መጥታ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የምትፈጥን ሴት ናት። እሷና ባልደረቦቿ አንድ የስልክ መተግበሪያ እየሠሩ ነበር። ስልኩ ለዓይነ ስውር በድምፅ ይናገራል፤ መስማት ለተሳነው በጽሑፍና በንዝረት ያስታውቃል፤ በዊልቸር ለሚሄድ የትኛው መኪና መወጣጫ እንዳለው ይጠቁማል። ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ ጋሪ የሚቀያየር ሰው እስከ መጨረሻው አብሮት ይዘልቃል።

"ስልኩን መሥራቱ ቀላል ነው" አለች ወሰንየለሽ። "የቸገረን ደንቡ ነው። ባጃጁ በአንድ ዓይነት፣ ሚኒባሱ በሌላ ዓይነት የሚሠራ ከሆነ ሰው መሀል ላይ ይጠፋብናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም የሚገዛበትን የደረጃ ሰነድ መጻፍ አለብን። እሱን ደግሞ ያለ እናንተ አንጽፈውም።"

ኢፍቱ የቡድኑ አባል ሆነች። ዲኖ የተባለ ወጣት ልብስ ሰፊ በዊልቸር የሚሄዱትን ወክሎ ገባ። ኦቦ ማሜ፣ ረጅም ዘመን ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ የሹፌሮቹ ወኪል ሆኑ። ሞሚና ማንንም አልወከለችም፤ ልጇን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እንዲያ እየመጣች ስትቀመጥ ወሰንየለሽ አንድ ቀን "አዴ ሞሚና፣ እርስዎም የቤተሰብ ወኪል ይሁኑልን" አለቻት። ሞሚና ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች።

በስብሰባዎቹ ላይ ሞሚና የማታውቃትን ኢፍቱ አየች። አንድ ቀን ፌርማታው ከአስፋልቱ ከፍ ይበል ወይስ እኩል ይሁን በሚል ክርክር ተነሣ። ዲኖ እኩል ካልሆነ ዊልቸሩ እንደማይወጣ ተናገረ። ኢፍቱ ደግሞ እኩል ከሆነ በትሯ ጠርዙን ሳያገኘው አስፋልት መሀል እንደምትገባ ተናገረች። ድምፃቸው ከፍ አለ። በመጨረሻ ፌርማታው እኩል ሆኖ ጠርዙ ላይ በእግርና በበትር የሚታወቅ ሻካራ ንጣፍ እንዲደረግ ተስማሙ፤ ዲኖም "አንቺ ጠበቃ ነበር መሆን ያለብሽ" ብሎ ሳቀ። ሞሚና አልሳቀችም። ልጇ እንዲህ ስትከራከር ሰው ፊት ወደኋላ አለማለቷ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት።

ረቂቁ ሲያልቅ ሙከራ ይደረግ ተባለ። ከአባላቱ አንዱ ያለ አጋዥ፣ በስልኩ ብቻ እየተመራ ከቤቱ ተነሥቶ ጎባ ድረስ ይሂድ ሲባል፣ ሞሚና ቀና ሳትል ኢፍቱ "እኔ እሄዳለሁ" አለች።

በሙከራው ዋዜማ እናትና ልጅ እራት ላይ ብዙም አልተነጋገሩም። በኋላ ግን ሞሚና አልቻለችም።

"ጉሙ ወፍራም ነው በዚህ ሰሞን። ትንሽ ቀን ብትቆይስ?"

"ለእኔ ጉም ምኔ ነው አዮ?"

"ሹፌሩ ግን ያያል። ማለት፣ አያይም።"

ኢፍቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችና የእናቷን እጅ ፈልጋ ያዘች። "ብቻዬን ነው የምሄደው። ከኋላዬ እንዳትመጪ። ቃል ግቢልኝ።"

"እሺ" አለች ሞሚና።

ስትናገር ከልቧ ነበር። ጠዋት ኢፍቱ ነጭ በትሯን ይዛ፣ ስልኳን በአንገቷ አንጠልጥላ "ቢስሚላህ" ብላ ከበር ስትወጣ ግን ሞሚና ቃሏን መጠበቅ አቃታት። ከጎረቤት ጥቁር ኒቃብ ተበደረች፤ ሁልጊዜ የምታደርገውን ጫማ ኮቴውን ኢፍቱ ስለምታውቀው ትታ የፕላስቲክ ጫማ አደረገች። ኢፍቱ ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ስትሳፈር እሷም ሌላ ባጃጅ ጠርታ "ከዚያኛው ባጃጅ ኋላ ሂድ፣ ግን አትቅረብ" አለችው። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና ተከተለ።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች "ጎባ! ጎባ! አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው!" እያሉ ይጮኻሉ። ኢፍቱ በትሯን መሬቱ ላይ እያስነካች፣ ስልኩ የነገራትን እየሰማች፣ ትክክለኛው ሚኒባስ ጋ ደረሰች። ለሙከራው በሩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት በጣቷ ዳሰሰች። ገብታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሞሚና ጥቂት ዘግይታ ገባችና ጎንበስ ብላ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደች።

መኪናው ተነሣ። የመስኮቱ መስታወት በእርጥበት ተሸፍኗል። ስልኩ ዝግ ባለ የሴት ድምፅ "ሮቤን ለቀዋል። ቀጣዩ መውረጃ ጎባ መናኸሪያ ነው" አለ። ኢፍቱ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት "አካም ቡልቴ" ብለው ሰላም አሏት፤ እሷም መለሰችላቸው። ሞሚና ከኋላ ሆና የልጇን የሻሽ ጫፍ ስታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ትንሽ ረጋ አለ። እንዲያውም ብወርድስ፣ እዚህ ጋ ወርጄ ብመለስስ ብላ አሰበች። አሰበች እንጂ አልወረደችም።

ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ አስፋልቱ እየተጠገነ ነበር። ሚኒባሱ ወደ ጎን በተቀየሰ የአፈር መንገድ ወረደ፤ ጥቂት እንደሄደም ሮለር እስኪያልፍ ሌሎች መኪኖች ኋላ ቆመ። ኔትዎርክ ጠፍቶ ኖሯል። ስልኩ ግን ዝም አላለም።

"ጎባ መናኸሪያ ደርሰዋል። እባክዎ ይውረዱ።"

ኢፍቱ ቦርሳዋን አነሣች። "ወራጅ አለ" አለች።

"እዚህ?" አለ ረዳቱ።

"አዎ፣ እዚህ።"

ረዳቱ የአካባቢው ልጅ መስላው በሩን ከፈተ። ሞሚና በእጅጌዋ መስታወቱን ጠርጋ ወደ ውጭ አየች። ጉምና የስንዴ ማሳ እንጂ ሌላ ነገር የለም። አፏን ከፈተች። ቃሏ ትዝ አላት። ረዳቱ ይነግራታል፣ ካልሆነ አዛውንቱ ይነግሯታል አለች በልቧ። አዛውንቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ረዳቱ ኢፍቱን ክንዷን ይዞ በትሕትና አወረዳትና በሩን ሊዘጋ ሲል ነው ሞሚና የራሷ ባልሆነ ወፍራም ድምፅ "ወራጅ!" ብላ በሰው ጉልበት መሀል ተጋፍታ የወጣችው።

ሚኒባሱ ሄደ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ኢፍቱ የመንገዱ ዳር ላይ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። መናኸሪያ የሚጮኽ ሰው የለበትም፤ ጥሩንባ የለም፤ የባጃጅ ድምፅ የለም። ነፋሱ ብቻ ነበር፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የሮለሩ ጉርምርምታ። ስልኩ ቀጠለ፦ "ወደ ቀኝ ይዙሩ። ጥቂት ሜትር ይሂዱ። የባጃጅ ማቆሚያ ያገኛሉ።"

ኢፍቱ አልዞረችም። ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

"ሰው አለ? ነምኒ ጅራ?"

ሞሚና ከእሷ ጥቂት እርምጃ ርቃ ቆማለች። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አለሁ ብትል ልጇ ለዘላለም አታምናትም፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጇ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን እንደቀረች ታስባለች። ዝም አለች።

ኢፍቱ ምላሽ ስታጣ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ቀኝ ዞረች። በትሯን ከፊቷ ዘርግታ፣ መሬቱን እየነካካች፣ አንድ አንድ እርምጃ ትራመድ ጀመር። በቀኝ በኩል ለውኃ መውረጃ አዲስ የተቆፈረ ቦይ ነበር፤ አፈሩ ገና አልጠበቀም፣ ከሥሩ ውኃ አቁሯል። ሞሚና አየችው። የበትሩ ጫፍ ጠርዙን አልፎ ባዶ አየር ላይ ሲወርድ ኢፍቱ ቀጥ ብላ ቆመች። በዚያችው ቅጽበት ሞሚና ጮኸች።

"ኢፍቱ! ቁሚ!"

ኢፍቱ ደንግጣ ወደ ድምፁ ስትዞር እግሯ ሥር ያለው አፈር ተንሸራተተ። በጎኗ ወድቃ ቦዩ ውስጥ ገባች።

ሞሚና እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው ቦዩ ዳር ተንበርክካ፣ ኒቃቡን ከፊቷ ገፍፋ፣ ሁለት እጇን ወደ ታች ዘርግታ ነው። ኢፍቱ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ናት። የተዘረጋላትን እጅ አልያዘችም።

"አዮ?"

"እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ተያዢ።"

"ከየት መጣሽ?"

ሞሚና እጇን ይበልጥ ወደ ታች ዘረጋች።

"ከመኪናው ነው? ከሮቤ ጀምሮ አብረሽኝ ነበርሽ?"

"አዎ።"

ኢፍቱ ልብሷን ከውኃው ሰበሰበች። ውኃው ከቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል። "ሰው አለ ወይ ብዬ ስጣራስ ነበርሽ?"

ሞሚና አለቀሰች። "ነበርኩ" አለች።

"ቦዩን አግኝቼው ነበር" አለች ኢፍቱ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሞሚናን የበለጠ ያስፈራት ይህ ነው። "በትሬ አግኝቶት ቆሜ ነበር። ስልኩ መሳሳቱንም አውቄ ነበር። አሁን ተመልሼ መንገዱን ይዤ፣ የሮለሩን ድምፅ ተከትዬ ሠራተኞቹን ልጠይቅ ነበር። ሁሉንም አስቤው ነበር አዮ። አንቺ ግን እዚህ ቆመሽ፣ ሰው የለም ብዬ እንዳስብ ተውሽኝ።"

በትሯን ጠርዙ ላይ ተክላ፣ በክርኗ ተደግፋ፣ ራሷ ወጣች። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሎ ስለነበር ስትቆም ጥርሷን ነከሰች።

ብዙም ሳይቆይ ገብስ የጫነ ጋሪ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ነጂው ሀይሉ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ስማቸውን በኋላ ነው የነገሯቸው። ኢፍቱ የፈረሱን ኮቴ ሰምታ እጇን አነሣች።

"አባባ፣ እዚህ የት ነው?"

"ጎባ ገና ነው ልጄ" አሉ ሽማግሌው ፈረሱን አቁመው። "ምን ሆናችሁ ነው እዚህ የወረዳችሁት? ያቺ እናትሽ ናት?"

"አዎ" አለች ኢፍቱ። "ይወስዱናል?"

የጋሪው መርገጫ ከፍ ያለ ነው። ሞሚና እጇን ዘረጋች፤ ኢፍቱ የሽማግሌውን ትከሻ ይዛ ወጣች። ጎባ እስኪደርሱ ድረስ እናትና ልጅ ገብሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ከተማው ሲቃረብ ኔትዎርክ ተመለሰና ስልኩ በዚያው በተረጋጋ ድምፁ "ከመንገድዎ ወጥተዋል" አለ።

ሥልጠናው ቦታ በር ላይ ኢፍቱ "አሁን ተመለሺ" አለች። ሞሚና በመመለሻው ሚኒባስ ብቻዋን ተቀመጠች። ልጇ ከጎኗ ሳትኖር በዚያ መንገድ ሄዳ አታውቅም ነበር፤ እጇን የምታስቀምጥበት አጣች።

የሚቀጥሉት ቀናት ከበዷት። ኢፍቱ አልተቆጣችም፣ ሰላምታ አልነፈገቻትም። የምትጠየቀውን ትመልሳለች፣ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አትጨምርም። ሞሚና ሌላም ጭንቀት ነበረባት። ቡድኑ ሙከራው እንዴት እንደነበር ሊሰማ ቀን ቆርጧል። ኢፍቱ ሁሉን ትናገር ይሆን? ብትናገርስ ሰው ምን ይላታል? ባትናገር ደግሞ ስልኩ ሌላ ሰው ሌላ ቦይ ውስጥ ይከታል።

ሻፊ ከጉዞ ሲመለስ ነገረችው። ይፈርድልኛል ብላ ነበር። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" አለችው።

ሻፊ ጫማውን እያወለቀ ቆየ። "ጋቢና ውስጥ አብሮኝ የሚሄድ ፈሪ ሰው አለ" አለ። "መኪና ከፊት በመጣ ቁጥር ፍሬን ያለው ይመስል ወለሉን በእግሩ ይረግጣል። አንዳንዴ 'ያዘው!' ብሎ ይጮኻል። ወላሂ ሞሚና፣ እኔ መሪ የምስተው እሱ ሲጮኽ ነው።"

"ልጄ እኮ ናት።"

"የእኔም ናት። እኔም ብሆን እከተላት ነበር ይሆናል። ስትጣራ ግን አቤት እል ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሞሚና ሌላ ማንንም አልጠየቀችም።

የስብሰባው ዕለት ኢፍቱ እያነከሰች ገባች። ሞሚና ከዱሮ ቦታዋ፣ ከጥጉ ተቀመጠች። ኢፍቱ ከቤቷ በር ከወጣችበት ጀምሮ አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ እናቷ በኒቃብ ተሸፍና መከተሏን፣ ስትጣራ ዝም ማለቷን፣ ጩኸቷንም ጭምር። ስትናገር ማንንም አልወነጀለችም። ሞሚና ወለሉን ስታይ ቆየች። የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈባት መሰላት።

ወሰንየለሽ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። "ኔትዎርክ ሲጠፋ ካለፈው ሰዓት ተነሥቶ እንዲገምት ያደረግነው እኛ ነን" አለች። "ድምፁ በድንገት ቢቋረጥ ተጓዡ ይደነግጣል ብለን ነው። ዝምታው ነበር የሚያስፈራን።"

"ከማያውቀው ነገር ዝምታው ይሻለኛል" አለች ኢፍቱ። "ዝምም አይበል። ሲጠፋው 'ያለሁበትን አላውቅም፤ አጠገብዎ ያለ ሰው ይጠይቁ' ይበል። ግምቱን እንደ እውነት እንዳይነግረኝ ደንቡ ውስጥ ይግባ።"

"አላውቅም የሚል ስልክ ማን ይገዛዋል?" አሉ ኦቦ ማሜ። "ደግሞ ጥፋቱን ወደ ሹፌር እንዳታዞሩት። ረዳቱ በሩን የከፈተው ራሷ ወራጅ ስላለች ነው።"

"እሱ አላጠፋም ኦቦ ማሜ። ግን በሩን ከመክፈቱ በፊት የቦታውን ስም ቢጠራ ኖሮ አልወርድም ነበር።"

"ረዳት ቀኑን ሙሉ ስም ሲጠራ አይደል እንዴ የሚውለው? ጉሮሮው እስኪዘጋ!"

"የሚጠራው ሲነሣ ነው" አለ ዲኖ ከወንበሩ ቀና ብሎ። "ሲቆም ማንም አይጠራም። እኔ ዓይን እያለኝ በጉም ጊዜ የት እንዳለሁ አላውቅም።"

ኦቦ ማሜ ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና "እውነት ነው፣ ሲቆም ዝም ይላል" አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ነጥቦች ሳይጣሉባቸው ተጻፉ።

"ሦስተኛ አለኝ" አለች ኢፍቱ። "አካል ጉዳተኛ ብቻውን ሲጓዝ፣ ሙከራም ይሁን እውነተኛ ጉዞ፣ ቤተሰብም ሆነ ሌላ ሰው ሳይነግረው እንዳይከታተለው። በእግርም ሆነ በስልኩ።"

ወሰንየለሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይሄ የቤተሰብን ወኪል ይመለከታል" አለች በቀስታ። "አዴ ሞሚና፣ ምን ይላሉ?"

ሞሚና ተነሣች። ሰው ፊት ቆማ መናገር የማታውቅ ሴት ናት። የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታችው።

"ይጻፍ" አለች። "እኔ የጎዳኋት የጠበቅኋት መስሎኝ ነው። ከመከተሌ ይልቅ ዝም ማለቴ ነው የሚያንገበግበኝ። ይጻፍ።" ልትቀመጥ አለችና መልሳ ቆመች። "ግን ቤት የሚቀረውስ ሰው? እሱም ጉዞ ላይ ነው እኮ። ለእሱ ምንም አትጽፉለትም?"

ማንም ይህን አልጠበቀም። ኢፍቱ ፊቷን ወደ እናቷ ድምፅ መለሰች። "ተጓዡ ከፈለገ፣ ደረስኩ የሚል መልእክት በአንድ ንክኪ ይላክ" አለች። "ከፈለገ ብቻ።"

"ከፈለገ" አለች ሞሚና፣ ተቀመጠችም።

ወሰንየለሽና ባልደረቦቿ ስልኩን አስተካክለው ሲጨርሱ ኢፍቱ ሁለተኛውን ጉዞ ጀመረች። ሞሚና በዚያ ቀን ከቤቷ በር ላይ ሸኝታት፣ ቀጥታ ሄዳ ሱቋን ከፈተች። ኒቃብም አልተበደረች፤ የሰው ባጃጅም አልጠራች። ጉም ነበር። ስልኳን ብርድ ልብሶቹ ላይ አስቀመጠችና ስክሪኑን አሥር ጊዜ አየችው። ከዲንሾ የመጣ ገበሬ ቡናማ ብርድ ልብስ ጠይቋት ቀይ ጠቀለለችለት፤ ከመንገድ ተመልሶ ነው ያስቀየራት። የዙህር አዛን ሲሰማ ሰገደች፣ ሱጁድ ላይ ብዙ ቆየች። ስልኩ አልጮኸም። ከቀትር በኋላ አንድ አምቡላንስ ወደ ጎባ አቅጣጫ እየጮኸ ሲያልፍ እጇ ስልኩን አነሣው፤ ቁጥሩን አወጣች፤ ጣቷ ላዩ ላይ ቆመ። መልሳ አስቀመጠችው። ከሱቁ ወጥታ መንገዱ ላይ ቆማ፣ ሰው "ምነው ሞሚና?" ሲላት "ምንም" እያለች ቆየች።

ኢፍቱ የመጣችው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። የበትሯን ድምፅ ሞሚና ከሩቅ ለየችው፣ ግን ሮጣ አልሄደችም። በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"አዮ፣ አለሽ?"

"አለሁ። አለሁ ልጄ።"

ኢፍቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ደክሟት ነበር። "አሁንም እዚያው ቦታ ኔትዎርክ ጠፋ" አለች። "ስልኩ 'ያለሁበትን አላውቅም' አለ። ዱብ ዕዳ ሆነብኝ። ራሴ ያስጻፍኩት ቃል ነው፣ ግን ሲናገረው ደነገጥኩ። አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ጠየቅኳት፣ የጎባ ገበያ ዳር ሰው ናት፣ ነገረችኝ። ደግሞ ስንደርስ ረዳቱ ስሙን ጠራ። ቢሆንም እስክወርድ ድረስ ፈርቼ ነበር።"

ሞሚና አጠገቧ ተቀመጠች። ልጇ ትፈራለች ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ፍርሃቱ ሁሉ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

"መልእክቱን ለምን አልላክሽልኝም?"

"ልልክ ነበር" አለች ኢፍቱ። "ከዚያ ዛሬ ብልክ ሁልጊዜ የምትጠብቂ መሰለኝ። ተቀየምሽኝ?"

"አዎ" አለች ሞሚና። ኢፍቱ ሳቀች፤ ሞሚናም ሳቀች፣ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች።

የደረጃ ሰነዱ ተጠናቆ ወደ በላይ አካል ተላከ። ሁሉም ነገር አልጸደቀም። የጋሪ መርገጫ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ስለቀረ ዲኖ ዛሬም ጋሪ ላይ በሰው ሸክም ነው የሚወጣው፤ ባነሱት ቁጥርም ይቆጣል። በሮቤና ጎባ መስመር ላይ ግን አብዛኞቹ ረዳቶች በር ከመክፈታቸው በፊት የቦታውን ስም ይጠራሉ። የሚረሱም አሉ። ኦቦ ማሜ ሲረሱ ካዩ መናኸሪያው መሀል ነው የሚቆጧቸው።

ኢፍቱ ሥልጠናዋን ጨረሰች። በዚህ ዓመት ከሥልጠና ጓደኞቿ ጋር ለዚያራ ወደ ሼክ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ እንሄዳለን ብላ ስትነግራት ሞሚና ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላት። የሚናገረው ስልክ በዚያ መስመር አይሠራም፤ የሕዝቡም ብዛት የሚታወቅ ነው። "ሰው በበዛበት የምጠይቀው አላጣም" አለች ኢፍቱ። ሞሚና ለቅዝቃዜው ወፍራም ሹራብ መርጣ ሰጠቻት፤ ለቆላው ይከብዳል ብላ ደግሞ ተቀበለቻትና ቀለል ያለ ሻርፕ ሰጠቻት። እስከ መናኸሪያ አብራት ሄደች፤ የሄደችውም ኢፍቱ ነይ ስላለቻት ነው።

አውቶቡሱ ሲወጣ ሞሚና ሌሎች ሸኚዎች መሀል ቆማ ነበር። አጠገቧ የቆመች አንዲት ሴት ነጩን በትር አይታ ኖሮ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት።

"ያቺ ልጅ የእርስዎ ናት? እንዲያ ስትሄድ አይፈሩም?"

"በጣም እፈራለሁ" አለች ሞሚና። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ አየችው፣ ከዚያ የገበያ ቀን ስለነበር ሱቋን ልትከፍት ሄደች።